ተራራው እንዳይተነፍስ

ጥድ አምባ የሚባለው ጥድ ስለሌለበት ነው። ድሮ ነበረበት ይላሉ። እንዲያውም ዝንጀሮ ከተራራው ጫፍ ተነስታ፣ እግሯ መሬት ሳይነካ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለች ወንዙ ድረስ ትወርድና ውሃዋን ጠጥታ በዚያው መንገድ ትመለስ ነበር ይባላል። ከሰል አክሳዩ ይመር ይችን ወሬ ሲያወራ ዝንጀሮዋን እርጉዝ ያደርጋታል፤ ደስ ካለው ጀርባዋ ላይ አንድ ልጅ ይጨምርላታል። አሁን ዝንጀሮዋም የለች፣ ቅርንጫፉም የለ። አያቶች ግንዱን ቆርጠው ሸጡት፤ አባቶች ቁጥቋጦውን ጨረሱት፤ ለይመርና ለእኩዮቹ የደረሳቸው ጉቶው ብቻ ነው። እነሱም ጉቶውን ከነሥሩ እየማሱ ከሰል ያከስሉታል።

ሥራው ጠዋት ጠዋት አንድ ዓይነት ነው። ይመር ዶማና ድጅኖውን ተሸክሞ ከቤቱ ጀርባ ወደ ዳገቱ ይወጣል፣ ጉቶውን ዙሪያውን ይምሳል፣ የጎን ሥሮቹን ይቆርጣል፣ ዋናውን ሥር በገመድ ጠፍሮ እስኪነቀል ይስባል። ከዚያ የተፈለጠውን እንጨት ይከምራል፣ ሳር ያለብሰዋል፣ ከላይ አፈር ይመርግበታል፣ በታች በኩል በተተወችው ቀዳዳ እሳት ይለኩስና ቀዳዳዋን ያጠባል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። ክምር አየር ካገኘ ከሰል መሆኑ ቀርቶ አመድ ይሆናል፤ ስለዚህ ከአፈሩ ላይ አንዲት ስንጥቅ ከታየች፣ ከስንጥቋም ጭስ ብቅ ካለ፣ እርጥብ ጭቃ ዘግኖ ቶሎ መድፈን ነው። የጥድ አምባ ሰው ስንጥቅ አይቶ ማለፍ አይችልም። እጁ ራሱ ይሄዳል። ክምር ለኩሶ ደግሞ ማንም የትም አይሄድም። ጋሽ ሞላ የሚባሉት፣ በከሰል አክሳይነት ሰፈሩን ሁሉ ያሠለጠኑት ሽማግሌ፣ የገዛ አባታቸው ሲቀበሩ ከክምራቸው ሥር ሆነው፣ ፊታቸውን ወደ ቀብሩ አዙረው፣ በአንድ እጃቸው እንባቸውን እየጠረጉ በአንድ እጃቸው ጭቃ ሲመርጉ ነበር አሉ።

ሐምሌ እንደገባ አንድ ማለዳ፣ ይመር ከቤቱ በላይ አንድ ሰፊ ጉቶ ገልጦ ክንድ የሚያህል ሥር አገኘ። ሥሩ እንደ እባብ ተጠምዞ ወደ ታች ወደ ሰፈሩ ይሄዳል። በገመድ አስሮ ወደ ኋላ ተንጋሎ ሲስበው ከታች ከጎረቤቱ ከእንድሪስ ቤት ጩኸት ተነሳ፤ እንድሪስም ሱሪውን በአንድ እጁ ጨብጦ ደጅ ወጣ።

«ማነው እሱ ምሰሶዬን የሚነቀንቀው?»

«እኔ ነኝ!» አለ ይመር ከላይ። «ከሚስትህ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው የምትተኙት ሲሉኝ ላዟዙራችሁ ብዬ ነው!»

«ወላሂ አልጋው ሄደ እኮ! ላዩ ላይ ተኝቼ!»

«ተመለስና ተኛበት፣ ደግሜ ስስበው ገበያ ያደርስሃል!»

ደግሞ ሳበው፤ ለቀልድ። ከታች የእንድሪስ ቤት እንጨት ሁሉ አንድ ላይ ረዘም አድርጎ ተንቋቋ፣ ጣራው ላይ የነበሩ ቁራዎችም ብድግ አሉ። ሁለቱም ሳቁ፤ ግን እንድሪስ ቀድሞ ሳቁን አቆመና ወደ ቤቱ ዞሮ ብዙ ጊዜ ሲያይ ቆየ።

በዚያው ሰሞን ዝናቡ መጣ። ዳገቱ ጉቶዎቹ የተነቀሉበት ጉድጓድ ብቻ ስለሆነ ጥርሱ የረገፈ ድድ ይመስላል፤ ዝናቡም እያንዳንዱን ጉድጓድ ጢም አድርጎ ይሞላና ሄድ ይላል። ጥቂት ቆይቶ ሰው ሲያይ ጉድጓዶቹ ባዶ ናቸው። ውሃው ወደ ታች ሲፈስ ያየ የለም። ዘሀራ፣ የይመር ሚስት፣ አንድ ቀን በዝናብ ርሳ፣ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥላ ከምንጭ ተመለሰች።

«ደርቋል» አለች።

«ምኑ?»

«ምንጩ ነዋ! ሰማዩ ተቀዶ እየፈሰሰ ምንጭ ይደርቃል? የት ነው የሚገባው ይሄ ሁሉ ውሃ?»

«ተራራው ነዋ የሚጠጣው» አለ ይመር። «ስንት ዘመን ፀሐይ ላይ እንዳቆምነው ታውቂያለሽ?»

ዘሀራ አልሳቀችም። ልጃቸው ሉባባ ግን ሳቀች፤ የአባቷን ቀልድ ሁሉ እንደ ዳቦ ነው የምትበላው።

ስንጥቁን መጀመሪያ ያዩት ጋሽ ሞላ ናቸው። ከሰፈሩ በላይ፣ ዳገቱን አግድም ይዞ፣ ክር የመሰለ ቀጭን መስመር፤ ከውስጡም በጠዋቱ ብርድ ነጭ እንፋሎት እየተነነ ነበር። ሽማግሌው ሰው አላማከሩም፣ አልተደነቁምም። «ተነፈሰ!» ብለው ጮኹ። ይህን ቃል የሰማ አክሳይ ሁሉ ከያለበት አካፋውን ይዞ ሮጠ። ጭቃው ተቦካ፣ ገለባ ገባበት፣ ወንዱም ሴቱም ተደርድሮ ስንጥቁን ከዳር እስከ ዳር መርጎ፣ በእግሩ ረግጦ፣ በመዳፉ አለሳልሶ ጨረሰው። ቁጭ ብለው ሲያርፉ እንድሪስ «እንግዲህ ዘንድሮ ተራራ አከሰልን፣ ጆንያውን ከየት እናመጣለን?» አለና ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። ከመካከላቸው አንድ ሰው እንኳ መሬት ምን ሆኖ ይሰነጠቃል ብሎ አልጠየቀም። እጃቸው ያውቃላ።

በማግስቱ ስንጥቁ ተከፍቶ አገኙት። ይመር ተጎንብሶ ሲያየው ጭቃው ወደ ውስጥ አልወደቀም። ከውስጥ ተገፍቶ ወጥቶ ከስንጥቁ አፍ ዳር ዳር ተቀምጧል፤ በሥነ ሥርዓት፣ አንድ ሰው ተጠንቅቆ እያወጣ የደረደረው ይመስላል። ከስንጥቁም ሽታ ይወጣ ነበር። የእርጥብ አፈር ሽታ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም ነበር፤ ይሄ ግን አሁን የተቆረጠ ጥድ ሽታ ነው፣ ሙጫው ገና የሚንጠባጠብ፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ዓይን የሚያስነባ። ወጣቶቹ ሽታውን አላወቁትም። ጋሽ ሞላ ግን አፍንጫቸውን ያዙና «በደንብ አልቦካም ነበር ጭቃው» አሉ።

እንደገና መረጉት። እንደገና ተከፈተ። ሲመርጉት ደግሞ ከበታቹ ሌላ ይወጣል፣ ከዚያም ሌላ፤ እያንዳንዱ ካለፈው ይልቅ ለቤቶቹ ቀረብ ይላል፤ ሰዉም ጠዋት የራሱን ክምር እየደፈነ ከሰዓት የተራራውን እየደፈነ ወገቡ ተቆረጠ። በየቤቱ በር አልዘጋ አለ። ትናንት ልክ የነበረው በር ዛሬ ከመቃኑ ይበልጣል፣ ሰዉም በጥረቢያ ጫፉን ይጠርበዋል፣ በማግስቱ ደግሞ በሩ ለመቃኑ ይጠባል። የይመር ፍየል መተኛት ተወች። ቀኑን ሙሉ አራት እግሯን ከፍታ፣ የሚንቀሳቀስ መኪና ላይ እንዳለች ሁሉ ቆማ ትውላለች።

ጭጋጉም ሰፈሩ ላይ ተኛበት። እኩለ ቀን ላይ ኩራዝ የሚበራበት፣ የጎረቤት ሳል እንጂ የጎረቤት ቤት የማይታይበት፣ የከሰል ጭሱና ዳመናው ተደባልቆ ልብስንም ምግብንም ምላስንም ጭስ ጭስ የሚያሰኝበት ቀን ሆነ። ይመር ከቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ አንድ ድምፅ መስማት ጀመረ። ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ግድግዳውን፣ መደቡን፣ ምድጃውን እያዳመጠ ዞረና በመጨረሻ ጆሮውን ምሰሶው ላይ ለጠፈ። እንጨት ነው የሚጮኸው፣ ግን ምሰሶው አይደለም፤ ከምሰሶው በታች፣ ከምሰሶው ጉድጓድ በታች፣ ከዚያም በታች፣ ብዙ እንጨት ቀስ ብሎ ሲጎተት፣ ሲያርፍ፣ ደግሞ ሲጎተት። ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ሥር በገመድ ታስሮ ሲሳብ እንዲህ ነው የሚያሰማው። ልዩነቱ ይሄኛውን የሚስበው ከታች ነው።

«አባዬ ምን ይላል?» አለች ሉባባ።

ይመር አንድ ቀልድ ፈለገና አጣ።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ብቻውን ወደ ስንጥቁ ወጣ። ጭጋጉ የራሱን እግር ይሸፍንበት ነበር። ስንጥቁ አሁን ክንድ ያስገባል። ጭቃ ዘግኖ፣ በደረቱ ተኝቶ፣ ከላይ ከላይ ስለተመረገ ነው ያልያዘው ብሎ በማሰብ እጁን እስከ ብብቱ ድረስ ወደ ውስጥ ላከ። ውስጡ ሞቃት ነበር። ውሃ ከሩቅ ሲንጠባጠብ፣ ሲጠራቀም ይሰማል። ከዚያ ቀጫጭን ነገሮች፣ የሥር ፀጉር የመሰሉ፣ በጣቶቹ መካከል ገቡ። ዝም ብለው አልተንጠለጠሉም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱት፣ የመዳፉን መጅ ዳሰሱት፣ ሥራውን ለማወቅ የሰው እጅ እንደሚዳስስ ዕውር። ቀጥሎ ከጎኑ ሆኖ አብሮት እንደሚመርግ ሰው ጭቃውን ከመዳፉ ተቀበሉት። በእርጋታ። ምንም ሳያስቀሩ።

ዳገቱን እንዴት እንደወረደ አያውቅም። ዘሀራን ከክምራቸው አጠገብ አገኛት፤ ጭስ እያየች ቁጭ ብላለች።

«ተነሺ፣ ልጅቷን ያዢና እንውረድ።»

«የት?»

«ታች። የትም። ተራራው ይመጣል።»

«ይሄ ክምርስ?»

«ይንደድ!»

«አበድክ እንዴ ይመር? የክረምቱ እህላችን እኮ ነው ይሄ! ከሰሉን የሚጭነው መኪና ሳይመጣ ብንለቀው ምን ልንበላ ነው፣ አመድ?» ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ከጭሱ ይሁን ከሌላ አይለይም። «እኔም እሰማዋለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምሰሶው ሥር። ሁላችንም እንሰማዋለን። ግን ክምር ለኩሶ ማን ይሄዳል?»

ወደ ጋሽ ሞላ ሮጠ። ቁና ቁና እየተነፈሰ የነገራቸውን ሽማግሌው ሰምተው ሳይጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንተ አይደለህ እንዴ ዝንጀሮዋን በእርግዝናዋ ዛፍ ለዛፍ ያስኬድካት? አሁን ደግሞ ሥር እጄን ጨበጠኝ ትላለህ? ሂድ፣ ልጄ፣ ክምርህን ጠብቅ።»

«ጋሼ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ! እግርዎ ላይ ልውደቅ!» ወደቀም። «ሕፃናቱን ብቻ እንኳ ላውርድ!»

«ክምርህ ሲከስልልህ ታወርዳለህ» አሉትና ጭቃ መዝገናቸውን ቀጠሉ። ይመር እየዞረ በየበሩ ለመነ። እንድሪስን ለመነ። አንዷ አለቀሰችለት፣ አንዱ ሰደበው፣ አንዱ «ከነገ ወዲያ ክምሬን ሳወጣ» አለው፤ ከሁሉም ቤት ግን የሚንቀሳቀስ ሰው አልተገኘም። ከእግራቸው በታች ያ ድምፅ አሁን ጆሮ ሳይለጠፍም ይሰማል።

ይመር በጭጋጉ መሐል ቆመ። ከዚያ እያለቀሰ ፊቱን በክንዱ ጠረገና ድጅኖውን አነሳ።

መጀመሪያ የራሱን ክምር ነው የወጋው። ከአናቱ ላይ ድጅኖውን ሰክቶ አፈሩን ገነደሰው፤ እሳቱም አየር ሲያገኝ ቡፍ ብሎ ወጣ። ቀጥሎ የእንድሪስን። ቀጥሎ የጋሽ ሞላን ሁለቱንም ክምሮች። ከክምር ክምር እየሮጠ፣ ጭጋጉን ተከናንቦ፣ የሰፈሩን ጉሮሮ ሁሉ ከፈተው፤ ጭጋጉ ከነጭ ወደ ቀይ ተለወጠና ከየበሩ ጩኸት ተነሳ። ያን ጊዜ ሉባባን ከደጃፍ አፈፍ አድርጎ ትከሻው ላይ ጫነ፣ ዞሮም ሰዉ ሁሉ እንዲሰማው ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።

«እኔ ነኝ! የሁላችሁንም አመድ ያደረግኩት እኔ ነኝ! ወንድ የሆነ ይከተለኝ! ሴትም የሆነች ትምጣ!»

ቁልቁል ሮጠ። ዳገቱ ሲያልቅ ከወንዙ ዳር ሰፊ ሜዳ አለ፤ ስንጥቅ የማያውቀው፣ ጉቶ የሌለበት፣ ሣሩ እንደ ምንጣፍ የለሰለሰ። ከኋላው የሰማው የእግር ኮቴ ዝናብ ነበር የሚመስለው። ዘሀራ ናት የቀደመችው፣ ጫማ የላትም፣ እየተራገመች። እንድሪስ ዱላ ይዟል። ሕፃን ያዘሉ ሴቶች፣ ጋሽ ሞላ በልጆቻቸው ተደግፈው፣ ከአልጋ ከተነሱ ወራት ያለፋቸው አሮጊት ሳይቀሩ በልጅ ልጃቸው ጀርባ ላይ ሆነው «ያዙት! ያዙት!» እያሉ። ክምር ያፈረሰን ሰው አንድ ዱላ ሳያሳርፍበት ቤቱ የሚቀር የጥድ አምባ ሰው አልተፈጠረም። ፍየሏም ገመዷን በጥሳ መጣች።

ሜዳው መሐል ደረሱበት፤ ሉባባን ሣሩ ላይ አወረዳት። የእንድሪስ ዱላ ሁለቴ አርፎበት ለሦስተኛ ሲነሳ ነው ተራራው የጮኸው።

ነጎድጓድ አልነበረም። እጅግ ትልቅ የሆነ ጉቶ፣ ለረጅም ጊዜ ሲሳብ የነበረ፣ በመጨረሻ ከነሥሩ ሲነቀል የሚያሰማው ድምፅ ነው። ከጭጋጉ ውስጥ ቆርቆሮ ሲጨማደድ፣ ምሰሶ ሲሰበር፣ ውሃ እያገሳ ሲወጣ ተሰማ። ከዚያ የጥዱ ሽታ እንደ ግድግዳ መጥቶ መታቸው። ከዚያ ዝም አለ። ቀዩ ጭጋግ ሁሉ ጠፍቶ ነጭ ሆነ፤ የጭቃው ግንባር የሜዳው ዳር ላይ መጥቶ፣ እንደ ደከመው በሬ ቃትቶ ተኛ።

ከዚያ እናቶች ስም መጥራት ጀመሩ፣ ለተጠራውም ስም ሁሉ «አቤት» የሚል ተገኘ። አንድም የጎደለ የለም። እንድሪስ ዱላውን ጣለ። «አልጋዬ እንግዲህ ገበያ ደርሷል» አለ፤ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፤ ከዚያም እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጋሽ ሞላ ይመርን አንገቱን አቅፈው ግንባሩን ሳሙት። ዘሀራ ሄዳ የባሏን የተላጠ ትከሻ በነጠላዋ ጠረገችለት። «መታህ?» አለችው። «ገና አልጨረሰም ነበር» አላት።

ዝናቡ አባራ። ጭጋጉ ቀስ ብሎ ከሜዳው ላይ መነሳት ሲጀምር ይመር ሉባባን ፈለጋት። ጥቂት ራቅ ብላ፣ ሣሩ ላይ ተንበርክካ፣ አንድ ነገር ትነካካለች።

«ምን አገኘሽ?»

«ማሰሮ።»

አፉ የተከፈተ፣ ከዝናብ ብዛት የጠቆረ የሸክላ ማሰሮ ነው፤ እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ገብቷል። ይመር ሊነቅልላት ሳበው፤ አልነቀል አለ። ልማድ ነውና በጣቱ ዙሪያውን ማሰ። ከሣሩ ሥር አፈር፣ ከአፈሩ ሥር የበሰበሰ የቤት ክዳን ሣር ወጣ፤ ማሰሮው ከክዳኑ ጋር ተጣብቋል። ቆርቆሮ ሳይመጣ በፊት አያቶች በሳር ቤታቸው አናት ላይ፣ ምሰሶው ዝናብ እንዳያስገባ ይሰኩት የነበረውን ማሰሮ ሕፃን ሆኖ አንድ ሁለቴ አይቶ ያውቃል። ቀና አለ። ጭጋጉ ከፍ እያለ ነበር፤ በሜዳው ላይ፣ ሰዎቹ ተቃቅፈው ከቆሙበት ሥርም፣ ከዚያም ወዲያ እስከ ወንዙ ድረስ፣ ሣሩ መሐል ጥቋቁር የማሰሮ አናቶች እዚህም እዚያም ብቅ ብለዋል፤ ከሥራቸው የተቀበረ አንድ ሙሉ ሰፈር የሚያህል። ከአንዳንዶቹ ቀጭን ጭስ ይወጣ ነበር። ወደ ዳገቱ ዞረ። የተኛው ጭቃ ግንባር ተነስቶ ወደ ሜዳው ማዘንበል ጀምሯል።

«ሉባባ፣ ነይ ወደዚህ» ብሎ እጁን ዘረጋላት።

ልጅቷ ግን ሰው ቤት ስትሄድ እንደተማረችው ወደ ማሰሮው አፍ ጎንበስ ብላ «ቤቶች!» ብላ ተጣራች፤ ከታችም የአንዲት ሴት ድምፅ፣ እንግዳ ሲጠብቅ እንደዋለ ሰው ምንም ሳይደነቅ፣ «ግቡ፣ ለሁላችሁም ቦታ ለቀናል» አለ።